አንድሮሜዳ በፍሬም ውስጥ

በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በፍሬም ገብቶ ይሰቀላል። ሰማዕቱ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ደራጎኑን ይወጋል፤ የንጉሥ ልጅ ብሩታዊት ከዛፉ ላይ ሆና ታየዋለች። ይህን እያየ ያደገ ሰው የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የፍሬደሪክ ሌይተንን «ፐርሲየስ እና አንድሮሜዳ» ሲያይ ነገሩ ብዙም አይከብደውም። ፈረሱም፣ ዘንዶውም፣ ለአውሬ የተሰጠችው የንጉሥ ልጅም አሉ። የሚያስደንቀው ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ሲሰማ ነው፤ አንድሮሜዳ በግሪኮች ትረካ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ሌይተን ሥዕሉን የሠራው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1878 ጀምሮ በ1896 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሥነ ጥበባት አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለው ዋናው ሥራ 235 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 129 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ዛሬ ሊቨርፑል በሚገኘው ዎከር የሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛል።

ሥዕሉ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ከታች ባሕሩና አለቱ አሉ። አንድሮሜዳ ከአለቱ ጋር ታስራ ሰውነቷ ተጣምሟል፤ ረጅም ጸጉሯ ወርዷል። ዘንዶው ጥቁር ክንፉን እንደ ድንኳን ጥሎባት አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ እሳት ይተፋል። ከሁሉም በላይ፣ በፀሐይዋ ክብ ውስጥ፣ ጀግናው ፐርሲየስ በክንፋሙ ፈረስ በፔጋሰስ ላይ ሆኖ በቀስት ይወጋዋል። ሌይተን ሥዕሉን ሲያዘጋጅ የሰዎቹን ቅርጽ በትንንሽ ሐውልት አበጅቶ አጥንቷል፤ የአካላቸው መጣመም እውነተኛ ክብደት ያለው የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ትረካው እንዲህ ነው። የኢትዮጵያው ንጉሥ የሴፊየስ ሚስት ካሲዮፔያ ውበቷን ከባሕር ልጃገረዶች ጋር አወዳድራ ተመጻደቀች። የባሕር አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ አገሩን የሚያጠፋ አውሬ ላከ። ጠንቋይ ሲጠየቅ መዳኛው ልጇን አንድሮሜዳን ለአውሬው መስጠት ነው አለ። በእናት አፍ ልጅ ታሰረች። ፐርሲየስም በዚያ ሲያልፍ አይቷት አውሬውን ገድሎ አገባት።

ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ የጥቁር ሕዝብ ምድር ነበር፤ ከዛሬዋ አገራችን ድንበር ጋር አንድ አይደለም። አለቱን ግን የጥንት ጸሐፍት ዛሬ ከቴል አቪቭ ጋር በተያያዘችው በኢዮጴ ወደብ ያሳዩ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ የሰንሰለቷ ምልክት በዚያ ይታይ እንደነበር ጽፏል። የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳም፣ የሐዋርያት ሥራ እንደሚነግረን፣ የኢዮጴ ጎረቤት ናት። ባለ ፈረሱ፣ ዘንዶውና የንጉሥ ልጅ ያሉባቸው ሁለት ትረካዎች በአንድ አካባቢ ተጎራብተዋል።

አሁን ወደ ልጅቷ መልክ እንምጣ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ አንድሮሜዳን ጠይም ብሏታል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ነጭ አድርገው ሣሏት፤ ቲሺያን በ16ኛው መቶ ዓመት እንዲሁ አደረገ፣ ሌይተንም ተከተለው። እንዲያውም ከጥቁሩ ክንፍ በታች ከሁሉም ነገር ይልቅ እሷን አነጣት፤ ንጽሕናን በነጭ፣ ክፋትን በጥቁር ማሳየት ፈልጎ ይመስላል። የሥራው ውበት አይካድም። የልጅቷ አገር ከመልኳ ላይ መፋቁም አይካድም።

የሌይተን ሥራ የቅጂ መብት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ ማንም ሊያትመው ይችላል፣ ጥራቱም እንደ አታሚው ይለያያል። ቅጂውን ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ ልኩን ይመልከት። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ቅጂ ስፋቱ 33 ገደማ መሆን አለበት፤ ከዚያ በጣም ከሰፋ ከላይ ወይም ከታች ተቆርጧል፣ ወይም ተለጥጧል ማለት ነው። ይህ ሥዕል ደግሞ ከላይ ሲቆረጥ የሚጠፋው አዳኙ ነው። ቀጥሎ ጥራቱን ይጠይቅ፤ ለዚህ መጠን በቁመት ወደ 7,000 ፒክሰል ያለው ፎቶግራፍ ቢገኝ መልካም ነው። ወረቀቱና ከሥሩ ያለው ካርቶን አሲድ የሌለባቸው ይሁኑ፤ አለዚያ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናሉ። መስተዋቱ ከወረቀቱ ጋር እንዳይጣበቅ ትንሽ ክፍተት ይተው። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይም አይሰቀል፤ ቀለም ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኔ። ሥዕሉን በቤትዎ ከሰቀሉ ከፍሬሙ ጀርባ አንድ መስመር ይጻፉበት፦ «አንድሮሜዳ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስ ልጅ»። ልጆችዎ ይቺ ማን ናት ብለው ሲጠይቁ ሠዓሊው ያልነገራቸውን እርስዎ ይንገሯቸው።