«ካልገባ ግፋው»፦ ስለ ርካሽ የተራራ ብስክሌት ፍሬም ተረቱና እውነታው

«አዲስ ፍሬም ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፤ ዕቃው አልገባ ካለህ ግፋው፣ ይገባል።» ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ በይፋ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው የሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ላይ ቡና ሲጠጣ የዋለ ሰው ይህን ምክር በነጻ ሰምቶ ይመለሳል። ቶራንስ ደርሶ ጋራዡን ሲከፍት ደግሞ ይሠራበታል። አንድ የሰፈራችን ወጣት በርካሽ የገዛው የአሉሚኒየም ፍሬም በተቀበለው ማግስት ቆሻሻ ውስጥ የገባው በዚሁ ምክር ነው። ፔዳሉ የሚዞርበት ቱቦ ውስጥ ጣቴን ባስገባ የተላጨ አሉሚኒየም እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ ወጣ። ጥርሱ አልቋል።

እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሙሉ ብስክሌት ከሱቅ የገዛ ሰው ፍሬሙ ተስተካክሎ ነው የሚደርሰው፤ አንድ ሠራተኛ ጥርሱን አጽድቶ፣ ጠርዙን አስተካክሎ ነው ዕቃውን የገጠመው። ባዶ ፍሬም ለብቻው በርካሽ ሲሸጥ ግን ዋጋው ከሚቀነስባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ሥራ ነው። ብየዳው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ቱቦውን ትንሽ ይጎትተዋል፤ ክቡ ክብ መሆኑ ይቀራል፣ ግራና ቀኝ ጠርዙም ትይዩ አይሆንም። ከዚያ ቀለሙ ይነፋና በእቶን ይጋገራል። ጥርሱ በወጉ ካልተሸፈነ ቀለሙ እዚያው ይደርቃል። አዲሱን የኩሽኔታ ቤት አላስገባ የሚለው ብዙ ጊዜ ይህ የደረቀ ቀለም ነው።

የባሰው ጥፋት ግን የአቅጣጫ ነው። «ቡሎን ወደ ቀኝ ይጠብቃል» የሚለው ሕግ የፔዳል ቱቦ ላይ በግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው። ዛሬ በርካሽ የሚሸጡት ባለ ጥርስ የተራራ ፍሬሞች የሚከተሉት የእንግሊዝን ልክ ነው፦ ስፋቱ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 1.37 ኢንች፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ። በዚህ ልክ፣ ሰንሰለቱ ባለበት በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ፔዳል በተመታ ቁጥር ጭነቱ ዙሪያውን እየተሽከረከረ የኩሽኔታውን ቤት በተቃራኒው አቅጣጫ ቀስ በቀስ ሊፈታው ይሞክራል፤ ጥርሱ የተገለበጠው ይህን ለመከላከል ነው።

ታዲያ «በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ» የሚሉት አባቶች ከየት አመጡት? ልክ ናቸው፣ ለራሳቸው ብስክሌት። የጣሊያን ልክ 36 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር፣ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ሆኖ፣ ግራም ቀኙም ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው። በዚያ ልክ የቀኙ ቤት በራሱ የመፈታት ባሕርይ አለው፤ ስለዚህ በጣሊያን የውድድር ብስክሌት እጁን ያፍታታ መካኒክ ጠበቅ ማድረጉ ትክክል ነበር። ፍሬሙም ብረት ነው፣ ይችለዋል። አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ፣ ሜልቦርን ላይ፣ ስትሰለፍ ብስክሌተኞችም ልካለች፤ የብስክሌት እውቀት አጥተን አይደለም። የኔ ቁጣ ያንን የብረት ዘመን ምክር ሳይመረምሩ በስስ አሉሚኒየም ላይ በሚያራግቡት ላይ ነው፤ በተለይ ቪዲዮ ላይ ረጅም ቁልፍ ይዘው፣ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክተው በሚታገሉት ላይ። ቧንቧ ጉልበት ያበዛል፤ ጥርስ ግን አይተካም።

መላው እንዲህ ነው። ከብስክሌቱ በየትኛውም ጎን ቁሙ፤ ቁልፉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቁሙትና ወደ ኋላ ጎማ ሳቡት፤ በእንግሊዙ ልክ ሁለቱም የኩሽኔታ ቤቶች በዚህ ይጠብቃሉ። ፔዳሉ ራሱ ክንዱ ላይ ሲገጠም ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱም ወደ ፊት ጎማ ይጠብቃሉ። ይህን የያዘ ሰው ግራና ቀኝ ማሰብ አያስፈልገውም።

ከመግጠም በፊት ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቀለም ማስለቀቂያ ማጽዳት፣ ማድረቅ። ቀለሙ ግትር ከሆነ አሮጌ የብረት የኩሽኔታ ቤት ፈልጎ፣ ጥርሱን በሞረድ ሦስት አራት ቦታ ላይ በቁመቱ መሰንጠቅ፤ ግሪስ ቀብቶ ጥቂት ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያሉ ሲያዞሩት ቀለሙን እየፋቀ በስንጥቁ ይሰበስባል። ይህ የሚሠራው ለቀለም ብቻ ነው፤ ጥርሱ ራሱ ጠማማ ከሆነ እውነተኛው መሣሪያ ያለው ሱቅ ያስፈልጋል። ዕቃው ሲገባ መጀመሪያ በሚፈታበት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ማዞር፤ የጥርሱ አፍ ከአፉ ሲገጥም ጠቅ ብሎ ሲወርድ እጅ ላይ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ነው ማጥበቅ የሚጀመረው፣ ያውም በጣት። በጣት ሦስት ሙሉ ዙር ካልሄደ ቁልፍ አይነካም። መጨረሻው ከ35 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ነው፣ ኩሽኔታው ከቱቦው ውጭ ለሚቀመጠው ዓይነት።

ስለ ጠርዙ ደግሞ ሌላ ማጋነን አለ፦ «ሱቅ ወስደህ ካላስላጨኸው ብስክሌቱ ዋጋ የለውም።» ይህ የሚያስኬደው ኩሽኔታው ከውጭ ለሚቀመጠው ዓይነት ነው፤ ሁለቱ ቤቶች ጠርዙን ተደግፈው ስለሚቆሙ፣ ጠርዙ ከተጣመመ ኩሽኔታው ቶሎ ይሞታል። ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ፣ ታሽጎ የሚመጣው ዓይነት ግን ሁለቱም ኩሽኔታ በአንድ አካል ውስጥ ስለሆነ የጠርዙ ጥቂት መንጋደድ ብዙም አያስጨንቀውም። ፍሬሙ ርካሽ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ዕቃውም ርካሽ ነው።

የመሪው ኩሽኔታዎች ፊት ለፊት ባለው ቱቦ ውስጥ በመዶሻና በጣውላ አይመቱም። ከዕቃ መሸጫ ረጅም ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ሁለት ዳዶና ወፋፍራም ሮንዴላ ገዝቶ፣ ከላይና ከታች አጥብቆ በቀጥታ መጫን ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን የጠርዙን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት።

«አሉሚኒየም አይዝግም፣ ግሪስ አይፈልግም» የሚለውም አለ። ቀይ ዝገት የለበትም፣ እውነት ነው። ግን ቶራንስ ቢች የባሕር ዳርቻው የብስክሌት መንገድ መጨረሻ ነው፤ ከፓሲፊክ ፓሊሴድስ ተነሥቶ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እዚያ ያልቃል፣ ጨዋማው አየርም አብሮ ይሄዳል። ጨው፣ አሉሚኒየምና ብረት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ የኮርቻው ዘንግ ፍሬሙ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ተራ ግሪስም ይሁን ባለ መዳብ ለእኔ ልዩነቱ አይቆረጥልኝም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ መቀባቱ ነው ቁም ነገሩ። ደብሊውዲ-40 ደግሞ ግሪስ አይደለም፣ በቃ።

«ቢሰበር ይበየዳል» የሚሉም አሉ። 6061 የሚባለው አሉሚኒየም ከብየዳ በኋላ በእቶን የሙቀት ሕክምና ካልተደረገለት በብየዳው ዙሪያ ይለሰልሳል፤ ጋራዥ ውስጥ ተበይዶ የፓሎስ ቨርዴስን ቁልቁለት ይወርዳል ማለት ቀልድ ነው። የማርሽ መለወጫው የሚታሰርበት ተነቃይ ጆሮ ቢጣመም ግን ተቀይሮ ይገባል፤ ፍሬሙ ሲገዛ አብሮ አንድ ተጨማሪ ቢያዝ ጥሩ ነው፣ ለዚያ ፍሬም የሚሆነው ኋላ ላይ አይገኝምና።