የዕድሜ የቤት ሥራ፦ ማደግ እንዴት ይሠራል?

የልደት ካርድ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ልጁን ለማስመዝገብ ትምህርት ቤት የሄደ ወላጅ ወረቀት አይጠየቅም ነበር። መምህሩ ልጁን ወደ ፊት ይጠራና «በል፣ ቀኝ እጅህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ንካ» ይለዋል። ጣቱ ከደረሰ ይመዘገባል፤ ካልደረሰ «ለከርሞ አምጡት» ይባላል። ከዛሬዎቹ አያቶች ብዙዎቹ ፊደል የቆጠሩት ይህን ፈተና አልፈው ነው።

ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ስሌት አለው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጭንቅላት የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህላል፤ አዋቂ ላይ ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ክንዱን አናቱ ላይ ቢያዞር እጁ ከጆሮው በላይ ይቀራል። ክንድ ጭንቅላትን እየቀደመ ያድግና ስድስት ሰባት ዓመት ላይ ጣትና ጆሮ ይገናኛሉ። እርግጥ ፈተናው ፍትሐዊ አልነበረም። በምግብ እጥረት የቀነጨረ ልጅ ዕድሜው ደርሶ ሳለ ይመለስ ነበር። ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛ ነው፦ ይህ ልጅ ለዚህ ሥራ ደርሷል ወይ?

ይህንኑ ጥያቄ ለመላው የሰው ዕድሜ ያነሳው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ሮበርት ሃቪገርስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስድስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠውን የቤት ሥራ ዘረዘረ። ሕፃኑ መሄድ፣ መናገርና ሽንቱን መቆጣጠር ይማራል። ቀጥሎ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ከእኩዮች ጋር ተስማምቶ መጫወት ይመጣል። ጎረምሳው የተለወጠ ገላውን መልመድና ከወላጆቹ ክንፍ መውጣት አለበት፤ ወጣቱ ሥራ ይይዛል፣ ትዳር ይመሠርታል። ጎልማሳው የራሱን ጎረምሶች እያሳደገ ያረጁ ወላጆቹን ይይዛል። አረጋዊው ደግሞ ከደከመ ጉልበት፣ ከጡረታ ገቢና ከትዳር ጓደኛ ሞት ጋር መኖር ይማራል። ዝርዝሩ የዘመኑን የአሜሪካ መካከለኛ ኑሮ ይሸታል፤ ሃቪገርስት ራሱም አንዳንዱ ተግባር ከባህል ባህል እንደሚለያይ አልደበቀም። አሳቡ ግን ይሠራል፦ በጊዜው የተጠናቀቀ ሥራ ቀጣዩን ያቀላል፣ የተዘለለ ሥራ ደግሞ ሲከተል ይኖራል።

የቤት ሥራውን የሚሰጠው ማን ነው? ሦስት ናቸው። አንደኛው ገላ ነው፤ ጡንቻና አንጎል ሲበስሉ መንገድ ይከፍታሉ። ሁለተኛው ማኅበረሰብ ነው፤ «አሁንስ አድገሃል» ይላል። ሦስተኛው የሰውየው የራሱ ፍላጎት ነው። ሦስቱ በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ማስተማር ይቀላል። ካልገጠሙ ልፋቱ ከንቱ ነው። የዓመት ልጅ ፖፖ ላይ ሰዓት ሙሉ ብታስቀምጡት፣ የሚቆጣጠርበት ጡንቻ ገና ስላልበሰለ የምታተርፉት ለቅሶ ብቻ ነው። (የአራት ዓመት ልጅ ላይ ሦስት ገጽ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ የሚጭኑ መዋዕለ ሕፃናትም ይህን ቢያስቡበት ደግ ነበር።)

ሦስቱ ሲገጥሙ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ማዕድ ቤት ይግባ። ሁለት አንድ ዓይነት የሻይ ብርጭቆዎች ውስጥ እኩል ውኃ ቅዱ። ልጁ እኩል መሆኑን ይመስክር። ከዚያ ልጁ እያየ የአንዱን ውኃ ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ገልብጡና የቱ እንደሚበልጥ ጠይቁት። የአራት ዓመት ልጅ ሳያመነታ ረጅሙን ያሳያል። የሰባት ዓመቱ ግን በጥያቄያችሁ ይስቃል፤ «ያው ነው እኮ፣ ምንም አልጨመርሽበትም!» ይላል። ይህን ፈተና ያሳወቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ነው። በገንዘብም ሞክሩት፦ አምስት የአንድ ብር ሳንቲምና አንድ ባለ አሥር ብር ኖት አስቀምጡና አንዱን ምረጥ በሉት። ትንሹ ብዙውን ጊዜ ሳንቲሞቹን ያፍሳል።

እንግዲህ እናት «ማሙሽ፣ ሱቅ ሂድና ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ክብሪት ገዝተህ ና፤ መልሱን ቆጥረህ ተቀበል» ስትል ምን እያዘዘች እንደሆነ አስቡት። ልጁ ሁለት ዕቃ በአእምሮው ይዞ ብይ የሚጫወቱ ጓደኞቹን ማለፍ አለበት። ብሩን አይጥልም። ባለሱቁ ከእሱ በኋላ የመጡትን ትልልቅ ሰዎች ሲያስቀድም ሳይጠፋ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ግን ሳይባልግ መጠየቅ አለበት። ወጥቶ ሲመለስ እጁ ላይ ያለው መልስ ራሱ ፈተና ነው፤ በአንድ ብር ከረሜላ ቢገዛ ማን ያውቃል? ሃቪገርስት ለዚህ ዕድሜ ከሰጠው የቤት ሥራ አንዱ ኅሊናን ማሳደግ ነው። ሒሳቡ፣ ትዕግሥቱ፣ ንግግሩና ታማኝነቱ በአንድ መልእክት ላይ ተጠቅልለዋል። ልጁም ሳይነገረው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ብቻውን የተላከ ቀን በሩጫ ሄዶ በሩጫ ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ ነው ትላለች። የሙስሊም ወላጅም ልጁን ሰላት ስገድ ብሎ እንዲያዘው የተነገረው 7 ዓመት ሲሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪዋ ባርባራ ሮጎፍና ባልደረቦቿ ስለ 50 ማኅበረሰቦች የተጻፈውን ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ለልጅ ኃላፊነት መስጠት የሚጀምሩት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሆነ አግኝተዋል። ከብት ጠባቂነቱ፣ ታናሽ ማዘሉ፣ መላላኩ ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ሰባት ዓመት ላይ ገላ፣ ማኅበረሰብና ፍላጎት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ገላ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ላይ «ደርሻለሁ» ይላል። ሕጉ የራሱ ደረጃ አለው፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ጋብቻ ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት የነበረ ሲሆን የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። ጥሩ ነው። ኪሱስ? ወጣቱ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ለሠርግ ቆጥቦ እስኪጨርስ ሠላሳ ዓመት ደጃፍ ላይ ቆሟል። በገላ ከበሰለ አሥራ ምናምን ዓመት አልፎታል፤ እናቱ ቤት ግን አሁንም ልጅ ነው። አሜሪካዊው ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ከ18 እስከ 25 ያለውን ዕድሜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሁን ብሏል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ግን በ25 አያቆምም።

ተቃራኒውም አለ። በሃያ ዓመቷ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ልጅ የጎልማሳውን የቤት ሥራ አስቀድማ ትወስዳለች። የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ ትከፍላለች፣ የወላጆቿን ቤት ቆርቆሮ ታለብሳለች። የራሷ ትምህርትና ትዳር ግን ይጠብቃታል፤ ስትመለስ ሁሉም በአንድ ላይ ይደርስባታል። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም እስራኤል የሚያድግ የአሥር ዓመት ልጅም የአገሩን ቋንቋ ላልለመዱ ወላጆቹ የሐኪም ቤት ደብዳቤ ያነባል፣ በስልክ ያስተረጉማል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የተሸከመው ሥራ ግን የሌላ ዕድሜ ነው።

እኛ አገር አዋቂነት የሚለካበትን ነገር ሃቪገርስት አላየውም፦ ዕድር ነው። ለወጣት አዋቂ «የሚስማማህን ማኅበር ፈልግ» እና «የዜግነት ኃላፊነት ውሰድ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ያስቀመጠውን ዕድር በአንድ መዝገብ ይጨርሰዋል። ወጣቱ በወላጆቹ ቤት እስካለ ድረስ ሲታመም የሚጠየቀው፣ ሲሞት የሚቀበረው በአባቱ ስም ነው። ቤት ይዞ በራሱ ስም ሲመዘገብ መዋጮ ይከፍላል፤ ድንኳን ሲተከል ቢቀር ይቀጣል፤ ስብሰባ ላይ «አቶ እከሌ» ተብሎ ይጠራል። በእኔ ሚዛን ከዲፕሎማም ከመንጃ ፈቃድም የዕድር ቅጣት የበለጠ የአዋቂነት ማስረጃ ነው። ችግሩ መዝገቡ ቤት ለያዘ ሰው የተዘጋጀ መሆኑ ላይ ነው።

የገላን ሰዓት ማስቆም አይቻልም፤ የኪራይን ዋጋም አንድ ቤተሰብ አይወስነውም። በእጃችን ያለው ሁለተኛው ሰጪ፣ ማኅበረሰቡ፣ ማለትም እኛው፣ ነን። የሰባት ዓመቱን ልጅ በመኪናው ብዛት ፈርተን ሱቅ መላክ ትተናል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ ግን ኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ያለችው ሱቅ መንገድ አታሻግርም። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶት እናንተ ጋር ያለውን ልጅ ደግሞ የመብራቱንና የውኃውን ክፍያ በራሱ ኃላፊነት ያዝ በሉት፤ ቢረሳ ጨለማው የሁላችሁም ይሁን። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባም አባትየው ይረፉና እሱ ይሂድ። ዕድራችሁ በልጅ መወከልን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ደንቡ እንዲሻሻል ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ አቅርቡ።