ዝም ያለ ተራራም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለሰው ምላስ የተነገረ ነው፤ ለክረምት ተራራ ግን አይሠራም። (እዚህ ክረምት ስል የሐምሌን ዝናብ ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን የአልፕስ ብርድ፣ በጋ ስልም የእነሱን ሰኔና ሐምሌ ማለቴ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በተራራ መሪነት ሙያ ደንበኛ ደጋግሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ሰው የማይበዛበት፣ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰዱን» የሚል ነው። በጥያቄው ማንንም መውቀስ አይቻልም። ስምንት አገሮችን የሚያካልለው የአልፕስ ሰንሰለት ብዙ ቦታው በሊፍት፣ በሆቴልና በመኪና በተደለደለ የስኪ ሜዳ ተይዟል። ከዚህ ግርግር ከተረፉት አንዱ በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በግራውቡንደን፣ ከፕሬቲጋው ሸለቆ ገባ ብሎ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠው ሳንክት አንቶኒየን የተባለ መንደር ነው። ከመንደሩ በላይ ወደ 2,200 ሜትር የሚጠጋው የክሩትስ ተራራ አለ፤ ራሱ ክብ፣ ጎኑ ሣር የለበሰ፣ ማንም «ኃይለኛ» ብሎ የማይጠራው ተራራ። በጋ ላይ በእግር ይወጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ከስኪው ሥር ወደ ኋላ መንሸራተትን የሚከለክል ጠጉራም ጨርቅ ተለጥፎ፣ ተረከዝ ከማሰሪያው ተለቅቆ፣ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ እየተቆረጠ ይወጣል። ጫፉ ላይ ጨርቁ ይላጣል፣ ተረከዙ ይታሰራል፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። ሞተር የለም፣ ሰልፍ የለም፤ የሚሰማው የራስ ትንፋሽ ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ይህን ጸጥታ ሰው እንደ ደኅንነት ምልክት ሲወስደው ነው። በረዶ ከውስጥ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጸጥ ባለው ሳምንት ነው። ስለዚህ ወደ አንድ ተዳፋት የመግባት ውሳኔ ተራራው በዚያ ጠዋት በሚያሳየው ፊት ላይ መቆም የለበትም።

አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣሩንም ለስላሳውንም «በረዶ» ብሎ ይጠቀልለዋል፤ አመዳይ የሚል ቃል ቢኖረንም ከመጻሕፍት ገጽ ብዙም አይወጣም። ለዚህ ሙያ ግን አንድ ቃል አይበቃም። መሬት ላይ የተኛ በረዶ የንብርብር ክምር ነው፤ እያንዳንዱ ውሽንፍር የራሱን ንብርብር ጥሎ ይሄዳል፣ ንብርብሮቹም ከወደቁ በኋላ ባሕርያቸውን መለወጥ አይተዉም። የመሬቱ ሙቀት የበረዶውን ታች ወደ ዜሮ ዲግሪ አስጠግቶ ያቆየዋል። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ የበረዶው ፊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢወርድና ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ሲሰላ የ30 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱ በሜትር ከ10 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ተን ከታች ወደ ላይ በኃይል ይጓዛል፤ ተያይዘው የነበሩት ቅንጣቶች ጠርዝ ያወጡና እንደ ስኳር የተበታተኑ ሆነው ይቀራሉ። ከዳቮስ በላይ ዋይስፍሉዮኽ ላይ ተመራማሪዎች ከ1936 ጀምረው በረዶ እየቆፈሩ የሚያጠኑት አንዱ ጉዳይ ይህ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። ይህ ብልሽት የሚከናወነው ነፋስ በሌለበት፣ ፀሐይ በደመቀበት፣ ፎቶ በሚያምርበት ሳምንት ነው፤ በጠራ ሌሊት በረዶው ፊት ላይ የሚበቅለው የሚያብረቀርቅ ውርጭም ሲቀበር ራሱ ደካማ ንብርብር ይሆናል። ደግሞም ስስ በረዶ ከወፍራሙ ይልቅ ለዚህ ብልሽት የተጋለጠ ነው፤ «ዘንድሮ በረዶው ትንሽ ነው፣ አያሰጋም» የሚለው አባባል ከእውነቱ ጋር የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ነፋስ ይነሣና በዚህ ደካማ ንብርብር ላይ የተጠቀጠቀ የበረዶ ንጣፍ ይጭንበታል። ተልባ በተበተነበት ትሪ ላይ ድፎ ዳቦ እንደማስቀመጥ ቁጠሩት፤ ትሪው አግድም እስካለ ዳቦው አይነቃነቅም፣ ዘንበል ሲል ግን የዳቦው ጥንካሬ ምንም አይፈይድለትም። በተራራው ላይ ትሪው ዘንበል ብሎ ቆይቷል፤ የሚጎድለው የሰው ክብደት ነው። ስኪው የሚረግጣት ደካማ ንብርብር አንድ ቦታ ትሰበርና ስብራቱ ከንጣፉ ሥር በቅጽበት ይሮጣል፤ ንጣፉም ተላቆ ይናዳል። ናዳ ከሚወስዳቸው ስኪ ተጓዦች አብዛኞቹን የሚወስዳቸው ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው የቀሰቀሱት ናዳ ነው፤ ከሰማይ የወረደባቸው ጥቂቶች ናቸው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ክብደት አለው። ተራራውን 40 ዓመት የወጣበት ሰው ያውቀዋል፤ ልምድ ምን ሊሆን ነው? ልምድ የሚያስተምረው ግን ስሕተት ወዲያው ሲቀጣ ነው። ጨው ያበዛች ወጥ ሠሪ ምላሷ እዚያው ይነግራታል፤ ልብስ ሰፊም የተሳሳተ ቁራጭ ወዲያው ያጋልጠዋል። በረዶ እንዲህ ያለ መምህር አይደለም። ለስሌት ያህል፣ አንድ ተዳፋት ከ100 ጊዜ አንዴ ይናዳል እንበል። ይህ በሕይወት ለሚጫወት ሥራ እጅግ ከፍ ያለ ዕድል ነው። ሆኖም 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ጊዜ ቢወርዱበት 60 ያህሉ አንዳች ነገር ሳያዩ ይጨርሳሉ። እነዚህ 60 ሰዎች ውሸታም አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። መንደሩ ውስጥ «አዋቂ» የሚባሉትም እነሱ ናቸው። የአሜሪካው ተመራማሪ ኢያን መካመን በአገሩ የደረሱ ከ700 በላይ የናዳ አደጋዎችን መርምሮ በ2004 ባሳተመው ጥናት ሥልጠና ያላቸው ቡድኖች በሚያውቁት ተራራ ላይ ምን ያህል እንደሚዘናጉ አሳይቷል። የሥልጠናቸው ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በማያውቁት ቦታ ነበር፤ በለመዱት ቦታ አደጋን የሚጋፈጡበት መጠን ምንም ካልሠለጠነው ሰው ብዙም አልራቀም። በ1993 አውሮፓ የተስማማበት የናዳ አደጋ መለኪያ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ የበዛው ሰው የሚሞተው ግን በ4ኛውና በ5ኛው ሳይሆን በ3ኛው፣ ቀጥሎም በ2ኛው ነው። 5ኛው ሲታወጅ ማንም ቤቱ ይቀመጣል። በ3ኛው ቀን ግን ሰማዩ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፣ ተራራውም ዝም ብሏል።

ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ትዝታ ያለው መንደሩ ነው፤ የእሱ ፍርድ ደግሞ ከአዛውንቱ ቃል ይልቅ በግንቡ ይነበባል። በሳንክት አንቶኒየን ከጥንት ጀምሮ በገደሉ በኩል ያለው የቤት ጀርባ በድንጋይና በአፈር ተሞልቶ ከጣሪያው ጋር ይስተካከላል፤ ናዳው ቢመጣ ቤቱን ሳይገፋ በላዩ እንዲያልፍ ነው። በአካባቢው ኤበንሄኽ ይሉታል፤ እኩል ከፍታ እንደማለት ነው። በ1950 እና 1951 መካከል ባለው ክረምት በስዊዘርላንድ ብቻ 98 ሰዎች በናዳ ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከመንደሩ በላይ ረድፍ በረድፍ የናዳ መከላከያ አጥር ተተከለ። እነዚህ ሰዎች ምናልባት አያታቸው አንዴ ያየውን፣ እነሱ ፈጽሞ ላያዩት የሚችሉትን በረዶ አስበው ነው የሠሩት። ለ30 ዝም ያሉ ክረምቶች ብለው የቤታቸውን ጀርባ አላፈረሱም። ላብ በማይዝ ልብስ አጊጦ ከከተማ የሚመጣው እንግዳ ግን በአንድ ጠዋት ጸጥታ ይረታል፤ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ትንሽ ያስቃል።

እንግዲህ ውሳኔው የት ይወሰን? ከተራራው ርቆ፣ ማታ፣ ጠረጴዛ ላይ። የስዊዙ ተራራ መሪ ቬርነር ሙንተር በ1990ዎቹ ሙያውን ያናወጠው ይህን በማለቱ ነው፤ የበረዶውን ውስጥ ከመገመት ይልቅ የማይዋሸውን ተዳፋቱን ለኩ አለ። ቀላሉ ቀመሩ ሦስት መስመር ነው፤ ደረጃ 2 ሲሆን ከ40 ዲግሪ በታች፣ ደረጃ 3 ሲሆን ከ35 በታች፣ ደረጃ 4 ሲሆን ከ30 በታች። ንጣፍ ናዳ ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ተዳፋት ላይ እምብዛም አይነሣም። በ1 ለ25,000 የስዊዝ ካርታ የአልፕስ ክፍል ላይ የከፍታ መስመሮች በ20 ሜትር ልዩነት ስለሚሰመሩ፣ 30 ዲግሪ ማለት በሁለት መስመሮች መካከል 1.4 ሚሊሜትር ነው፤ 35 ዲግሪ ሲሆን 1.1 ይደርሳል። የሁለቱ ልዩነት ከእርሳስ ጫፍ ያንሳል። ዛሬ የአገሪቱ ካርታ ተዳፋቱን ቀለም ቀብቶ ያቀርባል፤ ከ30 በላይ ቢጫ፣ ከ35 በላይ ብርቱካናማ፣ ከ40 በላይ ቀይ፣ ከ45 በላይ ወይን ጠጅ። ይህ የዓይን ሥራ ነው፤ ልብ ምን እንደተሰማው አይጠየቅበትም።

ካርታው ግን ትንንሽ ነገሮችን ይውጣል፤ አሥር ሜትር ስፋት ያላት ጉብታ ቀለም ሳታገኝ 38 ዲግሪ ልትሆን ትችላለች። ይህ ትክክለኛ ነቀፋ ነው፤ የበጋ የእግር ጉዞ ዋጋ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በረዶ የሚሸፍነውን በጋ ይገልጠዋል። ክሩትስን በሐምሌ የሚወጣ ሰው በረዶ የሚከማችበትን ጎድጓዳ፣ ከሥሩ የተሰበረ ድንጋይ የተጠራቀመበትን ሸንተረር፣ ወደ ታች ተጎንብሶ ያደገውን ቁጥቋጦ በዓይኑ ያያል፤ ቁጥቋጦው የሚጎነብሰው በየዓመቱ የሚጫነው ነገር ስላለ ነው። ሣሩ መታጨዱንና አለመታጨዱንም ያያል። ሳይታጨድ የቀረ ረጅም ሣር በበረዶ ሥር ይተኛና እንደ ተቀባ ሰሌዳ ይንሸራተታል፤ መላው በረዶ ከመሬቱ ጀምሮ የሚንሸራተትበት ናዳ የሚነሣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የበጋው ተጓዥና የክረምቱ ስኪ ተጓዥ ሁለት ዓይነት ሰዎች ተደርገው መቆጠራቸው ለሙያችን ኪሳራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ መሣሪያውን ይጠራል። መፈለጊያ ራዲዮ፣ መመርመሪያ ዘንግና አካፋ የሌለው ሰው ከመንደሩ መውጣት የለበትም፤ በዚህ ክርክር የለም። ነገር ግን ሦስቱም የሚያገለግሉት የተቀበረን ሰው ለማውጣት እንጂ እንዳይቀበር ለማድረግ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከተቀበሩት መካከል በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የሚወጡት አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ በ35ኛው ደቂቃ ግን የሚተርፉት ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። የተጠቀጠቀ የናዳ በረዶ አንድ ሜትር ኩብ ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ጸጥ ባለ ተራራ ላይ ደግሞ ሊያግዝ የሚሮጥ ሌላ ቡድን የለም። የናፈቅነው ጸጥታ ሌላው ዋጋው ይህ ነው።

«ታዲያ በማስመሪያ ብቻ የሚወጣ ተራራ ምን ደስታ አለው? የመሪውስ ጥበብ የት ሄደ?» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉ። የመለኪያው ገደብ ጎደሎ መሆኑን እቀበላለሁ፤ በ25 ዲግሪ ላይ የቆመ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን 36 ዲግሪ ከሥር ሊቀሰቅስ ይችላልና ቀና ብሎ ማየት ግድ ነው። ጥበብ ግን ከገደቡ ወዲህ ይሠራ እንጂ ወዲያ አይሻገር፤ አዋቂ መሪ ገደቡን ማጥበቅ ይችላል፣ ማላላት ግን አይፈቀድለትም። እንደ ክሩትስ ባለ ተራራ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች የሚወረድበት ሰፊ ቦታ አለ፤ በ25 ዲግሪ ለስላሳ በረዶ ላይ የሚወርድ ሰው ደስታ ጎደለኝ ሲል ብዙ አይሰማም።

አንድ ጸጥታ ይቀራል፤ እሱም በቡድኑ ውስጥ ያለው ነው። ስንጥቅ ያየ፣ ከእግሩ ሥር «ዉምፍ» የሚል የንብርብር ስብራት ድምፅ የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ አዲሱ ተጓዥ ነው፤ የሚናገረው ግን የለም፣ መሪው ያውቃል ብሎ ያስባል። ታላቅ ባለበት መናገር ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው ደግሞ ይህ ዝምታ እጥፍ ነው፤ በስዊዘርላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደዚህ ተራራ ሲወጡ ይዘውት ይወጣሉ። ስለዚህ ማታ ጠረጴዛው ላይ ከካርታው ጋር አንድ ነገር አብሮ ይወሰናል፤ የመመለሻው ሰዓትና ቦታ ይጻፋል፣ «አይሆንም» የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ያለ ክርክር ይመለሳል። ጠዋት ከተዳፋቱ በፊት ቡድኑ ሲቆም ጥያቄው ከታናሹ ይጀምራል፤ መሪው መጨረሻ ላይ ይናገራል።