ሦስት ጊዜ ሃያ

አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ከታክሲ ወርዶ ቀና ያለ ሰው ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ፣ ማለትም የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ ሳያይ አይቀርም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ቤት ተከራይ አይበረክትለትም። ሮቶ ግን ውሃ ያቆያል እንጂ አይቆጥብም፤ ቁጠባው ያለው ከሥሩ፣ ቤቱ ውስጥ ነው። ይህን ቁጠባ በቁጥር የሚለካ የአረንጓዴ ሕንፃ መመዘኛ አለ፤ «ኤጅ» ይባላል።

ኤጅን ያወጣው የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ የታሰበውም በተለይ ለታዳጊ አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው የእንግሊዞቹ «ብሪያም» እና የአሜሪካኖቹ «ሊድ» ከቦታ መረጣ እስከ ክፍል አየር ብዙ ነገር ይመዝናሉ። ኤጅ ግን ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ በአካባቢው ከተለመደው ሕንፃ በኃይል 20 በመቶ፣ በውሃ 20 በመቶ፣ የግንባታ ዕቃው ሲመረት በሚወጣው ካርቦንም 20 በመቶ መቀነስ። ማስሊያው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል።

ኃይሉን እንይ። አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ጥላና የሚከፈት መስኮት ካለ ማቀዝቀዣ እምብዛም አያስፈልግም። ሙቀቱን የምናመጣው ሕንፃውን ዙሪያውን መስታወት ስናለብሰው ነው። አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ያለው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ግን፣ የአፈር ቀለም ባለው ኮንክሪት ተገንብቶ፣ ጣሪያው የክረምቱን ዝናብ እንዲያቁር ተደርጎ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል።

ዕቃውስ? መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ፣ የሕንፃው ጭስ የሚበዛው ከአምፖሉ ይልቅ በሲሚንቶውና በብረቱ ነው። የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሚቃጠለው በ1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የሰፈሩን አሮጌ ጭቃ ቤቶች ያደረቃቸው ግን ፀሐይ ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 20 ጊዜ ሽንት ቤት ቢለቅ፣ 9 ሊትር የሚደፋው አሮጌ ፍላሽ 180 ሊትር ይጨርሳል። ባለ ሁለት ቁልፉ ፍላሽ በትንሹ ቁልፍ 3፣ በትልቁ 6 ሊትር ይለቃል። ትንሹ 15 ጊዜ፣ ትልቁ 5 ጊዜ ቢነካ 75 ሊትር ብቻ ነው። ልዩነቱ ከአምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበልጣል፤ ያውም በየቀኑ።

ለኤጅ ሰርተፊኬት ገምጋሚ መቅጠርና መክፈል የግድ ነው፤ የባንክና የሆቴል ባለቤት ይችለዋል። ዘነበወርቅ ሁለት ክፍል ሰርቪስ የሚያሠራ ሰው ግን ቧንቧ ሠራተኛውን «ባለ ሁለት ቁልፉን ግጠምልኝ» ለማለት የማንም ማኅተም አያሻውም።