ጨጓራ ስልቻ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የቆየ ታሪክ በዓለም ዜና ማሰራጫዎች እንደ አዲስ ተነሣ። 610 ኪሎ ይመዝን የነበረ የሳዑዲ ዓረቢያዋ ጃዛን ወጣት ከ540 ኪሎ በላይ ቀንሶ ታየ። የድሮውና የአሁኑ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ ስልክ ለስልክ ሲዞር፣ አብሮት የተጓዘው ማብራሪያ ከሁለት ቃል አላለፈም፦ «ተቆረጠለት፣ ቀጠነ»። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው ነጠላ ሰረዝ አሥር ዓመት ውጣለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሳዑዲው ንጉሥ አብዱላህ አዝዘው ወጣቱ በአውሮፕላን ወደ ሪያድ፣ ወደ ንጉሥ ፋህድ የሕክምና ከተማ ተወሰደ። ከመኝታው ለማንሣት ፎርክሊፍት አስፈልጎ ነበር። እንደተዘገበው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ግማሽ ያህል ክብደቱን አጣ። ከዚህ ጀርባ ግን ተመጥኖ የሚሰጥ ምግብ፣ ፊዚዮቴራፒና የተንጠለጠለ ቆዳን ለማስወገድ የተደረጉ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናዎች አሉ። ንጉሥ ያዘዘውን፣ አንድ ሙሉ የባለሙያ ቡድን የደከመበትን ሕክምና «አቋራጭ» ብሎ ማውራት ያናድዳል።

ሪያድ ለእንዲህ ያለ ወሬ ምቹ ከተማ ናት። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ መንገዱ የመኪና ነው፣ በሩዝና በሥጋ የሚሠራው ካብሳም ሌሊት ይቀርባል። መንግሥት በ2017 በለስላሳ መጠጥ ላይ 50 በመቶ፣ ኃይል ሰጪ በሚባሉት ላይ 100 በመቶ ቀረጥ ጥሏል፤ ከ2019 ጀምሮ ምግብ ቤቶች የካሎሪውን መጠን እንዲጽፉ አስገድዷል። «ተክሚም» የሚለውን ቃል፣ ማለትም አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ማውጣትን፣ እዚያ ሰው ቤት የሠራች ኢትዮጵያዊት ሁሉ ታውቀዋለች። ስለ ተክሚም የሚያወራው ሰው ደግሞ ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «በአንድ ቀን ተገላገለ» ይላል፤ ሌላው «አፉን መዝጋት ያቃተው ሰነፍ» ይላል። የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው፦ ሁለቱም ጨጓራን እንደ ስልቻ ያዩታል። ስልቻው ጠበበ፣ የሚገባው አነሰ፣ አለቀ።

በተክሚም ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። ሥራው በትንንሽ ቀዳዳዎች ይከናወናል። መነሻው ራሱ አስገራሚ ነው። ለብቻው እንዲሠራ ታስቦ አልነበረም፤ አንጀትንም የሚነካ የከባድ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያ ምዕራፍ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቋቋም ለማይችሉ በጣም ከባድ ሕሙማን ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ሐኪሞቹ አንድ ነገር አስተዋሉ፦ ብዙዎቹ ለሁለተኛው ምዕራፍ ሳይመለሱ በበቂ ቀንሰው ነበር።

ለምን? እዚህ ላይ ልቆይ። ከሚወጣው ክፍል ውስጥ የጨጓራ አናት አለ። ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን በ1999 ያስታወቁት ግሬሊን የተባለ ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚያ ነው። ከምግብ በፊት ከፍ ይልና አንጎልን «ብላ» ይለዋል። አናቱ ሲወጣ ግሬሊን ይወርዳል። በሌላ በኩል የቀረው ቱቦ ምግብን ቶሎ ወደ አንጀት ያሳልፋል። አንጀትም ጂ.ኤል.ፒ.-1 እና ፒ.ዋይ.ዋይ. የተባሉ «በቃኝ» የሚያሰኙ ሆርሞኖችን ከበፊቱ አብልጦ ይለቃል። ዛሬ ሁሉም ስሙን የሚያውቀው ኦዜምፒክ መርፌም የሚመስለው ይህንኑ ጂ.ኤል.ፒ.-1 ነው። የብዙዎች የደም ስኳር ክብደታቸው ገና ሳይቀንስ በቀናት ውስጥ መውረዱ የዚህ ለውጥ ምልክት ተደርጎ ይነገራል፤ ከፊሉ ግን በዚያ ሰሞን ምግብ በጣም ስለሚቀንስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የስልቻውን ሐሳብ የቀደዱት አይጦች ናቸው። ተክሚም የተደረገላቸው አይጦች ክብደታቸው ወርዶ ረጋ። ተመራማሪዎች ምግብ ከልክለው የበለጠ ሲያከሷቸውና መልሰው እንደልባቸው ሲለቋቸው፣ አይጦቹ ብዙ በልተው ወደዚያው የረጋ ክብደት ተመለሱ። ያረገዙትም አብዝተው በሉ። ጨጓራው መቀበል ይችል ነበር ማለት ነው። የተለወጠው አካል ጠብቆ የሚይዘው የክብደት ልክ ነው። ተራ የምግብ ቅነሳ የሚከሽፈውም ልኩ ባለበት ስለሚቆይ ነው፤ የቀነሰ ሰው ረሃቡ ይጨምራል፣ የሚያቃጥለው ኃይል ይቀንሳል። «ሰነፍ» የሚለው ስድብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ነገሩን በሆርሞን በምናስረዳ ሰዎች ሠፈር ግን ነገሩ አልተቋጨም። ግሬሊን ጨርሶ የሌላቸው አይጦች በተክሚም እኩል ከሱ። የጂ.ኤል.ፒ.-1 ተቀባይ የሌላቸውም እንዲሁ። ስለዚህ «የረሃቡ ሆርሞን ተቆርጦ ወጣልህ» የሚለው የተወደደ ማብራሪያ፣ እኔም የምወደው፣ ብቻውን አይቆምም። በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ጣቱን ወደ ሐሞት አሲዶች ቀሰረ፤ እነርሱን የሚያዳምጠው ኤፍ.ኤክስ.አር. የተባለ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች የቀነሱትን ክብደት ጠብቀው ማቆየት አልቻሉም። አይጥ ግን ሰው አይደለም፤ ምናልባትም መንገዱ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው።

ውጤቱ ግን በሰው ላይ ተለክቷል። ከተክሚም ሌላ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ለረጅም ዓመታት የተከታተለው የስዊድን ጥናት የሞት አደጋ በ29 በመቶ ገደማ መቀነሱን በ2007 አሳይቷል። በፊንላንድ 240 ሕሙማን ያሳተፈ ሙከራ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ተክሚም የተደረገላቸው ከትርፍ ክብደታቸው 43.5 በመቶውን ቀንሰው መቆየታቸውን አገኘ። ግን ከእነርሱ 31 በመቶው ላይ በአሲድ የተጎዳ የጉሮሮ ቧንቧ ታየ፤ አንጀትን ወደ ጨጓራ በሚያገናኘው ባይፓስ ላይ ይህ ቁጥር 7 በመቶ ነበር። ቫይታሚን፣ ብረትና የደም ምርመራ ደግሞ የዕድሜ ልክ ናቸው።

ለዚህ ነው በ2013 የታተመ የሪያድ ሐኪሞች ዘገባ ያከራከረው፦ የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ተክሚም ተደርጎለት ነበር። የሳዑዲ ቀዶ ሐኪሞች በልጆች ላይ ያላቸው ልምድ በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት ነው፤ ችሎታቸው አያጠያይቅም። ይሁንና የአሥር ዓመት መረጃ ገና ሰባ ዓመት ሊኖር ለሚችል ልጅ አጭር ነው።

ተክሚም እውነተኛ ሕክምና ነው፤ ለሚገባው ሰው ሕይወት ያተርፋል። ክሊኒክ ገብቶ «ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?» ከማለት በፊት ግን «በአምስተኛው ዓመት ማን ይከታተለኛል?» ማለት ይቀድማል። በተለይ ሪያድ ሠርቶ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ለመመለስ ያሰበ ሰው ቀዶ ሕክምናውን ከመፈረሙ በፊት ቢ12 እና ብረቱን የሚለካለት፣ ቃሩ ሲብስበት ውስጡን በካሜራ የሚያይለት ሐኪም አገር ቤት ማግኘቱን ያረጋግጥ። ካላገኘ አይፈርም።