ጡረታ የወጡ አባት ሰኞ ጠዋት የት ይሂዱ?

የስንብት ዝግጅቱ ሞቅ ያለ ነው። ባልደረቦች ይመርቃሉ፣ ስጦታ ይሰጣል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰኞ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰርቪስ ሰዓት እንዳያመልጣቸው ሲነሡ የኖሩ አባት ዛሬም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይነቃሉ፤ የሚጠብቃቸው ሰርቪስ ግን የለም። ልጆች ወደ ሥራ፣ የልጅ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ። ቤቱ ጭር ይላል።

በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙዎች ገና ጠንካሮች ናቸው፤ ሙያቸውንም ጠንቅቀው ያወቁት አሁን ነው። ከፊታቸው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። የወር አበሉ ወጪውን ይሸፍን ይሆን ብሎ የሚያስብ ቤተሰብ፣ ቀኑ በምን ይሞላል ብሎም ማሰብ አለበት።

«ከእንግዲህ እረፍ»

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ ወላጅን መጦር ክብር ነው፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውም ትልቅ ምርቃት ነው። ልጆች «አባዬ፣ ከእንግዲህ እረፍ» የሚሉት ከፍቅር ነው። ግን ገበያ መሄዱ ይቀርባቸዋል፤ የመብራትና የውኃ ሒሳቡን ልጅ በስልክ ይከፍለዋል፤ አምፖል ሊቀይሩ ሲነሡ «ተው ትወድቃለህ» ይባላሉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ ቤቱን ያቆሙት ሰው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ።

በእናቶች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። «አያት እያለች ሞግዚት ምን ያደርጋል» ተብሎ ሕፃናቱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይተዉላቸዋል። የልጅ ልጅ ማሳደግ ደስታ ነው። ሳይጠየቁ የተጫነባቸው ከሆነ ግን ጡረታ ወጡ ሳይሆን ያለ ደመወዝ ሌላ ሥራ ጀመሩ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠየቁ፤ የራሳቸው ቀንም ይኑራቸው።

ሰውነት ሥራ አይፍታ

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ መነሻውን ይሞላል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመርበታል፤ በዚህ ዕድሜ መውደቅ ብዙ ነገር ያበላሻልና። ለዚህ ጂም መግባት ግድ አይደለም። በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ አጠገብ ሆኖ በአንድ እግር መቆም፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ቀስ ብሎ መውጣት ጥሩ ጅምር ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የእግር ጉዞ ጓደኛ ካለ ደግሞ ልማዱ ቶሎ አይቋረጥም።

የሚፈለጉበት ቦታ

በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰዎችን ሕይወት ከወጣትነት እስከ እርጅና ሲከታተል ቆይቷል። ከዋና ግኝቶቹ አንዱ፣ ከሰው ጋር ያለ መልካም ቅርርብ ለጤናም ለደስታም ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው። እኛ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ጎረቤት አለን። የእድሩ መዝገብ የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋል። የሰፈሩ ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያስጠና መምህር ይፈልጋሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤት ደም ግፊት ቢለኩ ስንቱን ይታደጋሉ። ዋናው ነገር ሥራው ቀንና ሰዓት ያለው፣ ቢቀሩ «ምነው ዛሬ ቀሩ?» የሚል ሰው ያለበት መሆኑ ነው።

ከ60 በፊት

እነዚህን ነገሮች ከስንብቱ ማግሥት ሳይሆን ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል። ገንዘብ ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ የፕሮቪደንት ፈንድ ተቀብሎ ሁሉንም በማያውቁት ንግድ ላይ ማፍሰስ የዕድሜ ልክ ጥሪትን ያሳጣል። ባልና ሚስትም አስቀድመው ይነጋገሩ። ሲመሽ ብቻ ይገቡ የነበሩ አባወራ ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውሉ፣ የሽንኩርቱ ዋጋና የጓዳው አያያዝ ሳይቀር መነታረኪያ ይሆናል። ሁለቱም የየራሳቸው መዋያ ቢኖራቸው ማታ የሚያወሩት አያጡም።

ወላጆቻችሁ ጡረታ ላይ ከሆኑ፣ በዚህ ሳምንት ስትደውሉ «ምን ላምጣላችሁ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ምክር ጠይቋቸው። የምትገዙትን መኪና ያዩላችሁ፣ የውል ወረቀቱን ያንብቡላችሁ፣ ዶሮ ወጡን ያስተምሯችሁ። መጦር ማለት አሁንም እንደሚያስፈልጉን ማሳወቅም ጭምር ነው።