የግቢ ድንጋይ ንጣፍ መጋጠሚያና ጠርዝ አጨራረስ

ግቢውን ድንጋይ ያስነጠፈ ሰው ከክረምት ጭቃ ተገላገልሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ለጉብኝት በየቤቱ ስንዘዋወር ደጋግመን ያየነው ጉድለት፣ ድንጋዩ በማለፊያ አኳኋን ተነጥፎ ሳለ መጋጠሚያው ባዶ፣ ጠርዙም ልቅ ሆኖ መቅረቱ ነው። ግንበኛው የመጨረሻውን ድንጋይ እንዳስቀመጠ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ እጅግ ያማረ ነበር። የቤቱ እመቤትም በየማለዳው ትጠርገዋለች። ዳሩ ግን በድንጋዮቹ መካከል የገባው የዕቃ እጣቢ በመጥረጊያ የሚወጣ አይደለምና፣ ሸትቶ ዝንብ ሰፍሮበት አገኘነው። በዚያው ላይ የሚድኸው ሕፃን ጣቱን ከስንጥቁ እያስገባ ወደ አፉ ይወስድ ነበር። ተቅማጥ ለሕፃን ቀላል ሕመም አይደለም፤ የሰውነቱን ውኃ አሟጦ በአጭር ጊዜ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

ስለዚህ ዕቃና ልብስ በሚታጠብበት፣ እንዲሁም በማድ ቤትና በመጸዳጃ ቤት ደጃፍ ያለው መጋጠሚያ በሲሚንቶ መሞላት ይገባዋል። አስቀድሞ ግን በድንጋዮቹ ላይ ይረማመዱባቸው፤ የሚወዛወዝ ድንጋይ ካለ ተነሥቶ እንደገና ካልተደላደለ ሲሚንቶው መሰንጠቁ አይቀርም። ከዚያም መጋጠሚያውን በቀጭን ብረት እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ፍቆ ማጽዳትና በውኃ ማርጠብ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ጋር ይደባለቃል፤ ውኃው የሚጨመረው ጥቂት በጥቂት ሲሆን፣ ድብልቁ ሲጨብጡት የሚያያዝ እንጂ የሚፈስ መሆን የለበትም። ከድንጋዩ ፊት ጋር እኩል እስኪሆን ጠቅጥቆ መሙላት፣ በድንጋዩ ላይ የፈሰሰውንም ሳይደርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ስለሚያቆስል የእጅ ጓንት ይደረግ። ሥራው ካለቀ በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሶ 7 ቀን ማቆየት ነው። ልጆችና ዶሮዎች ባሉበት ቤት ከሁሉ የሚያስቸግረው ይኸው ነው።

ግቢውን ሁሉ ግን በሲሚንቶ መድፈን አንመክርም። እጣቢ በማይደርስበት ስፍራ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ እየገፉ ማስገባት ይበቃል፤ ወጪው አነስተኛ ነው፣ የዝናቡም ውኃ ወደ መሬት ይሰርጋል። አሸዋው በዝናብ ሲታጠብ መተካት አለበት።

ጠርዙ ካልታሰረ የዳር ድንጋዮች ወደ ውጭ ይሸሻሉ፣ መጋጠሚያው ይሰፋል፣ ንጣፉም ይሰረጉዳል። በተሰረጎደው ስፍራ ውኃ ያቁራል፤ በሞቃት አገር ከ7 እስከ 14 ቀን የቆየ ውኃ ደግሞ ትንኝ ለመፈልፈል ይበቃል። አይጥም በልቅ ጠርዝ ሥር ጉድጓድ መማስ ይቀናታል። ይኸንን ለመከላከል በዳሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ረዘም ያለ ድንጋይ በቁሙ መትከልና ሥሩን በኮንክሪት ማሰር ነው። ብዙ ሰው ጠርዙ ከፍ ሲል ያምራል ይላል፤ እኛ ግን ውኃውን ወደ ቤት የሚመልስ ግድብ እንለዋለን። የጠርዙ አናት ከንጣፉ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ ይሁን፤ ንጣፉም ከቤቱ ግድግዳ ወደ ቦዩ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያዘቅዝቅ።

ይህ ሁሉ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ቢፈጸም መልካም ነው። ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ አንድ ባልዲ ውኃ በግድግዳው ሥር አፍስሶ ከሩብ ሰዓት በኋላ መመልከት ነው፤ ውኃው የቀረበት ድንጋይ ተነሥቶ ከፍ መደረግ አለበት።